ልጆች ዘንድ ስትሄዱ የውሃ ቀለም ያዙ

34 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። የፌንጣን አፍ፣ የልብን አራት ክፍል፣ የባቄላን ፍሬ ዓይኔን ጨፍኜ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ግን ያ ሥዕል አይባልም፤ ሥራ ነው። ደወል ሲደወል በዳስተር ይጠፋል። ለራሴ ብዬ አንድም ነገር ስዬ አላውቅም ነበር። የጀመርኩት በ61 ዓመቴ፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ኩሽና ውስጥ ነው።

ውጭ አገር ልጁ ዘንድ የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነው። ዘመድ ይመጣል፣ ዶሮ ይሠራል፣ ፎቶ ይነሳል። ሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ላይ ቤቱ ጭር ይላል። ልጄ ወደ ሥራ፣ አማቼ ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጄ ወደ ትምህርት ቤት። እኔና ፍሪጁ ቀረን። መኪና አልነዳ፣ ባሱን አልለመድኩ፣ ቴሌቪዥኑ ሦስት ሪሞት አለው። በሦስተኛው ቀን ሳህን ሳጥብ ቆይቼ ልብ ብዬ ባየው፣ ቅድም ያጠብኩትን ነው መልሼ የማጥበው። ይህን የምጽፈው ሻንጣችሁን እያሰናዳችሁ ላላችሁ ነው። ሳህኑን ተዉት።

ከሻንጣው እንጀምር። በርበሬውና ሽሮው ሁለቱን ሻንጣ ይሞላሉ፤ እሱን እኔም አልከለክላችሁም። የሥዕሉ ዕቃ ግን ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። አንድ መዳፍ የሚያህል ደብተር፣ ደረቅ የውሃ ቀለም 12 ያለው ትንሽ ሳጥን፣ ቁጥር 8 ክብ ብሩሽ፣ ሁለት እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ላጲስ፣ ያረጀ የነጠላ ቁራጭ። ቀለሙ ደረቁ ቢሆን ይሻላል። በቱቦ ያለው እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው፤ ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ቱቦ በእጅ ቦርሳ አያሳልፉም።

በዚያው ቦርሳ መድኃኒታችሁንም ከነካርቶኑ ክተቱ። እኔ የደም ግፊቴን ኪኒን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከትቼው ነበር። ሻንጣው ከእኔ ሦስት ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ልጄ ያን ሦስት ቀን በጭንቅ ነው ያለፈችው፤ እኔ ደግሞ ላለማስጨነቅ ስል ደህና ነኝ እያልኩ። ቋንጣ ደግሞ አትያዙ፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ሥጋ አያስገባም። ልብ የምትሉት ሌላ አንድ ነገር አለ። ቪዛው ላይ ያለው ቀንና መቆየት የምትችሉበት ቀን አንድ አይደለም። የምትቆዩበትን ጊዜ የሚወስነው ኤርፖርት ላይ የሚቀበላችሁ መኮንን ነው። ልጆቻችሁ ቀኑን ኢንተርኔት ላይ አይተው ቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፉላችሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ብር መቆጠብ ካለባችሁ ከቀለሙ ቆጥቡ፣ ከወረቀቱ አትቆጥቡ። እኔ መጀመሪያ የሳልኩት በልጅ ልጄ የፕሪንተር ወረቀት ላይ ነው። ውሃ ሲነካው እንደ ሳምቡሳ ሊጥ ተሸበሸበ፤ ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ኩሬ ሠራ። ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ሁለት ቀን ተውኩት። በኋላ ነው በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚባለውን ወፍራም ወረቀት ያገኘሁት። ደብተሩ ሽፋን ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ምን ልሳል? ካፒቶልን፣ የአሜሪካኖቹን ምክር ቤት ሕንፃ፣ እንዳትሉኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን። የእኔ የመጀመሪያው አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ነው። እሱን ይዤ ላሳያችሁ።

ሽንኩርቱን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጡት፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ይምጣ። መብራት አጥፉ። አምስት ደቂቃ ሳትነኩት እዩት። እኔ 40 ዓመት ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ልጬ፣ ቆዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ሐምራዊ መስመር እንዳለ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ዙሪያውን ብቻ። ነጭ ቀለም አትፈልጉ፤ ነጩ ወረቀቱ ነው። ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ዝም ብላችሁ ትዘሉታላችሁ። የውሃ ቀለም ከቀላል ወደ ጠቆር ያለው ነው የሚሄደው፤ አንዴ ያጠቆራችሁትን መልሳችሁ ማንጣት ጭንቅ ነው። ጥላውን በጥቁር አትቀቡ። ሰማያዊና ቡናማ ብትቀላቅሉ ሕይወት ያለው ግራጫ ይወጣል፤ ሰማያዊውን ትንሽ ብታበዙለት ጥላው ይቀዘቅዛል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው ሽንኩርቱን ከሰል የሚያስመስለው።

ከሁሉ የሚከብደው መጠበቅ ነው። እንጀራ ዓይን ሳያወጣ አይከደንም አይደል? የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርቡ። እርጥቡ ላይ ከሄዳችሁበት ያበጠ፣ ጫፉ የተንዠረገገ እድፍ ይሆናል። ተነሡ፣ ቡና አፍሉ፣ ተመለሱ። ለዚህ ለዚህ የጡረተኛ ሰዓት ይመቻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የብሩሹን ውሃ እጀታ በሌለው ብርጭቆ፣ ሻያችሁን እጀታ ባለው ኩባያ አድርጉ። ሰማያዊ ውሃ ጠጥቼ ነው የምነግራችሁ።

እጃችሁ የሚያም ከሆነ፣ የእኔ የቀኝ አውራ ጣት ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይላል፣ የብሩሹን እጀታ በፕላስተር ጠቅልሉት። ሲወፍር መጨበጥ አያስፈልግም። ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከትከሻ ሳሉ፤ ሰሌዳ ላይ የጻፈ ሰው ይሄ አያስቸግረውም።

ቀጥሎ ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። እነሱ ጥፋተኝነት ይሰማቸዋል። ሥራ ውለው ሲመጡ «እማዬ፣ ሰለቸሽ አይደል?» ትላለች ልጄ በር ላይ እንዳለች። ቅዳሜ ሲሆን ሰባቱን ቀን በአንድ ቀን ሊክሱ ይነሳሉ፤ ሐውልት፣ ሞል፣ ዘመድ ቤት፣ ፎቶ፣ ወደ መኪና። ማታ እግሬ ያብጣል። በግልጽ ተናገርኩ፦ «አንድ ቦታ ውሰዱኝ፣ አንድ ሰዓት ተዉኝ።» እንደሚቀየሙ ነበር የጠበቅሁት። አማቼ ግን እፎይ ብሎ ሣር ላይ ተኛ።

የቼሪ አበባውን ያየሁት እንዲህ ነው። በ1912 ከቶኪዮ ከተማ በስጦታ 3,020 ዛፍ መጥቶ ዋሽንግተን ላይ ተተከለ፤ በፈረንጆቹ ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ግድም ታይዳል ቤዚን የሚባለው ውሃ ዳር ነጭ ደመና ይመስላል። ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ነው። ሁሉም ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቷል። እኔ ታጣፊ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የወደቀች አንድ አበባ አነሳሁ። አምስት ፔታል፣ ማለትም የአበባ ቅጠል። እያንዳንዱ ጫፉ ላይ በጥፍር የተቀነጠበ የምታህል ስንጥቅ አለችው። እሷን ስንጥቅ ከሳላችሁ ቼሪ ይሆናል፤ ካልሳላችሁ የማንም አበባ ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሰፈራችን ውስጥ ሌላ ዓይነት ቼሪ ፈነዳ፤ ደማቅ ሮዝ፣ ድርብርብ። ፔታሉን ስቆጥር ሃያን አለፈ። ዛፉን በሙሉ ለመሳል አትሞክሩ። አንድ አበባ ይበቃል።

ሙዚየም ስትገቡ እርሳስ ብቻ ያዙ። እኔ አንድ ሙዚየም ውስጥ በእስክሪብቶ ስጀምር ጥበቃው ጣቱን እያወዛወዘ መጣ። ደነገጥኩ። ከኪሱ አጭር እርሳስ አውጥቶ ሰጠኝ። ዋሽንግተን ላይ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት መግቢያው ነፃ ነው፤ ስሚዝሶኒያን የሚባለው ተቋም የሚያስተዳድራቸው ሙዚየሞችም አብዛኞቹ እንደዚያው። ስለዚህ «ሁሉንም ልይ» ብላችሁ አትሩጡ፤ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ። እኔ ሦስት ጊዜ የሄድኩት ለአንድ ሰው ነው። የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት በ1659 ራሱን የሳለበት ሥዕል ናሽናል ጋለሪ ውስጥ አለ። ያኔ ከእኔ በስምንት ዓመት ያንስ ነበር፤ ከስሮ ቤት ንብረቱ ከተሸጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ሙሉ ፊቱን ለመሳል አቅሙ የለኝም። ከዓይኑ ሥር ያለችውን ከረጢት ብቻ ነው የሳልኩት፤ ማታ በመስታወት የራሴን አየሁና ከጎኗ ሳልኩ። ይሄን ሞክሩት፤ ያስቃል።

የልጅ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም። እኔ እንግሊዝኛዬ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ አካባቢ እርስ በርስ ፈገግ እንባባላለን፣ ከዚያ ወደ ታብሌቱ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተር አየና ምንም ሳይናገር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለዚህ ሁለተኛ ብሩሽ ያዙ። ልጅን «ና ልሳልህ፣ ና ላስተምርህ» አትበሉ። እየሳላችሁ ዝም በሉ፤ ራሱ ይመጣል። አጥር ላይ የምትሯሯጠዋን፣ ፈረንጆቹ ስኩዊረል የሚሏትን ጭራ ብዙ አውሬ አብረን ሳልን። ልጄ «ሽኮኮ» ትላታለች። ሽኮኮ አይደለችም! ሽኮኮ አለት ላይ የሚኖረው የእኛው ነው፣ ዝምድናው እንኳ ከዝሆን ጋር ነው፤ ይቺ የአይጥ ወገን ናት። ይህን ለልጁ በሥዕል ለማስረዳት ዝሆን መሳል ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ «አያቴ፣ ዝሆን» ይለኛል። ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው።

ሰኔ ውስጥ ደግሞ ጎረቤት ደጃፍ ላይ፣ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ፣ እንሰት አየሁ። ቅጠሉ ቀላ ያለ ነው እንጂ የታወቀው እንሰት። አሜሪካኖች ለጌጥ ነው የሚተክሉት፤ ብርድ ሲመጣ ወደ ቤት ያስገቡታል። ወንበሬን ይዤ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ወጣና ተጠግቶ አየ። በእንግሊዝኛዬ፣ ይህ ተክል አገሬ ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ ይመግባል፣ ከግንዱ ቆጮ ይጋገራል አልኩት። ሰውዬው ማሰሮውን እንደ አዲስ አየው። ሥዕሉን ቀድጄ ሰጠሁት። መስጠት ከፈለጋችሁ ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፉ፤ በአማርኛ ፈርሙ። ፊት ለፊቱ ላይ ግን አትፈርሙ፣ የእኔ ፊርማ እንሰቱን ሊያክል ምንም አልቀረውም ነበር።

ተመልሼ መጥቻለሁ። ደብተሩ 41 ገጽ ነው፤ ግማሹ የተበላሸ። የተበላሸውን አትቅደዱ፣ ፎቶ የምታሳዩት ዘመድ የሚስቀው በእሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት 11 ሰዓት ሲሆን እዚያ ጠዋት ነው፤ የልጅ ልጄ በቪዲዮ ይደውላል። እሱም እዚያ፣ እኔም እዚህ፣ አንድ ዓይነት ነገር ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣለን። ምን እንደሚሆን የሚመርጠው እሱ ነው፤ በአማርኛ ካልጠራው አይቆጠርም። ባለፈው ቅዳሜ ነጭ ሽንኩርት ነበር። የእሱ ጥላ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። የእኔ አሁንም ይጠቁርብኛል።