የወይራው ቅርጽ መሰንጠቅ ያቆመው እንዲህ ነው

ሦስት የወይራ ቅርጾች ተሰነጠቁብኝ። ሦስቱም ከእርጥብ ግንድ በቶርኖ፣ እንጨቱን እያሽከረከረ በሚያስቀርጸው ማሽን፣ ያወጣኋቸው፣ ሆዳቸው ሰፊ፣ አፋቸው ጠባብ ሥራዎች ነበሩ። ማታ ደህና ትቻቸው እሄዳለሁ። ጠዋት ስመጣ ከአፋቸው እስከ ወገባቸው ተተርትረዋል። አንጀቴን በላኝ፤ ወይራ እንደ ልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም።

መጀመሪያ ስንጥቁን በኮላ ሞላሁት። አልያዘም።

ነገሩ ወዲህ ነው። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከመሃል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። የግንዱ እምብርት ውስጡ ከቀረ እንጨቱን የሚወጥረው ኃይል ይብሳል። የሱሉልታ የበጋ ነፋስ ደግሞ ላዩን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው።

አራተኛውን ግንድ እምብርቱ እንዲወጣ አድርጌ ፈለጥሁት። ስፋቱ 24 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ግድግዳውን 2.4 ሴንቲ ሜትር አድርጌ ሻካራ ቅርጽ ብቻ አወጣሁ። አንድ አሥረኛ ማለት ነው። የእንጨቱ ክሮች ተቆርጠው የሚታዩበትን ጫፍ የቀለጠ ሰም ቀባሁት። ከዚያ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር በወረቀት የስሚንቶ ከረጢት ጠቅልዬ ነፋስ የማይደርስበት ጥግ አስቀመጥኩት። ላስቲክ እንዳትጠቀሙ፣ ያሻግታል።

በየሳምንቱ መዘንኩት። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ጠበቅኩ። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። ሲወጣ ትንሽ ሞላላ ሆኗል እንጂ አልተሰነጠቀም። መልሼ ቶርኖ ላይ አስሬ አቃናሁት፤ ግድግዳውን እስከ 5 ሚሊ ሜትር አሳሳሁት። አሁን ሁለት የዋንዛ ሥራዎች ከረጢት ውስጥ ናቸው።