ለወረርሽኝ የተዘጋጀ የጋራ መኖሪያ ሰፈር እንዴት ይነደፋል?

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም.፣ ኮሮና አዲስ አበባ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ፒያሳ አጠገብ የነበረው የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጠባብ መንገድ ላይ ሲጋፋ የኖረው ገበያተኛ ሰፊ ሜዳ አገኘ። ክረምቱ ሲገባ ግን ሜዳው ጭቃ ሆነ፤ ለ2013ቱ ጥምቀት ለማድረስም ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ማጽዳት ነበረበት። ለኮንዶሚኒየም ግቢም ነገሩ ያው ነው። በክፉ ቀን የሚያገለግለው ክፍት ቦታ ውሃ፣ መብራትና የፍሳሽ መስመር ቀድሞ የገባለት ነው። የሚከተለው ቅደም ተከተል አዲስ ሰፈር ለሚነድፉም፣ ነባሩን ለሚያስተዳድሩ የነዋሪዎች ኮሚቴዎችም ይሆናል።

1. የግቢውን ፕላን ሦስት ጊዜ አንብቡ

ኮሌራ በውሃና በምግብ፣ ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛ በአየር፣ ወባ በትንኝ ይተላለፋሉ። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ መላ የለም። የፕላኑን ሦስት ቅጂ አውጡና በአንደኛው ላይ ውሃ የሚገባበትንና ፍሳሽ የሚወጣበትን መስመር፣ በሁለተኛው ሰው የሚጠጋጋበትን ደረጃ፣ ኮሪደርና የቧንቧ ወረፋ፣ በሦስተኛው ውሃ የሚያቁርበትን ስፍራ አመልክቱ። ሦስቱም ላይ ምልክት ያረፈበት ቦታ ካለ ሥራው ከዚያ ይጀምር። አብዛኛውን ጊዜ የሮቶው ዙሪያ ሆኖ ይገኛል።

2. በደረጃ ከፋፍሉ

ሊፍት በሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻዎች አንድ ደረጃ የሚጋሩ ቤተሰቦች በየቀኑ ይገናኛሉ። የተፈጥሮው ክፍፍል ይህ ስለሆነ ሌላ አትፈልጉ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቧንቧ፣ የራሱ የቆሻሻ ማጠራቀሚያና በሌላው ብሎክ መግቢያ ሳያልፍ ወደ በሩ የሚያደርስ መንገድ ይኑረው። አንድ ደረጃ ላይ በሽታ ቢገኝ ግቢው በሙሉ አይዘጋም።

3. ውሃውን አስሉ

በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። አንድ ደረጃ 40 ቤተሰብ ቢይዝና በየቤቱ 5 ሰው ቢኖር 200 ሰው ነው፤ በቀን 3,000 ሊትር ማለት ነው። ፈረቃው ሦስት ቀን ቢዘገይ 9,000 ሊትር ይጠፋል፤ ስለዚህ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ከዚህ በታች የማይወረድበት ልክ ነው። ቦቴ መኪና ሊደርስበት በሚችል ቦታ፣ በጠንካራ መሠረት ላይ አስቀምጡት። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ሕፃናትም በሚደርሱበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ ሥሩ ያለው ውሃም መሄጃ ይኑረው።

ክዳኑን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች፤ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በደረቅ ወቅት ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ለኮሌራ ያዘጋጃችሁት ውሃ ወባ ሊያመጣባችሁ ይችላል።

4. አየርና ፍሳሽ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ ይመክራል። ይህንን ያለ ማሽን ለማግኘት የሚረዳው በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ያሉ ሁለት መስኮቶች ናቸው። በአንድ በኩል ብቻ መስኮት ያለውን ስቱዲዮ ግን ከኮሪደሩ በር በላይ በሚከፈት ትንሽ መስኮት ታደጉት። ኮሪደሩን በላሜራ የሸፈኑ ጎረቤቶችን ማሳመን ከባዱ ሥራ ነው።

የሽንት ቤቱን ወለል ፍሳሽ ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ግቢ ከ300 በላይ ነዋሪዎች ሳርስ በተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ተያዙ። ከዋና መንስኤዎቹ አንዱ ሆኖ የተገኘው በወለሉ ፍሳሽ ጉሮሮ ውስጥ መኖር የነበረበት ውሃ መድረቁ ነው፤ የተበከለው አየር በቱቦው በኩል ወደ መታጠቢያ ክፍሎች ገባ። መከላከያው ርካሽ ነው፤ ብዙ በማትጠቀሙበት የወለል ፍሳሽ ላይ በየሳምንቱ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱ።

5. ለጋራ ቦታዎች ሁለተኛ ሥራ ስጡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ለእርድ፣ ለልብስ አጠባና ለእንጀራ መጋገር የተሠራ የጋራ መገልገያ ሕንጻ አላቸው። ወለሉ የሚታጠብ፣ ቧንቧና ፍሳሽ ያለው በመሆኑ ለጊዜያዊ ማቆያ ከማንኛውም ክፍል የተሻለ ነው። ለሱቅ ወይም ለመጋዘን ከተከራየ ግን ውሉ ላይ «በወረርሽኝ ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ይለቀቃል» የሚል አንቀጽ ጨምሩ። ሁለት በር ይኑረው፤ በአንዱ ሕመምተኛ፣ በሌላው አስታማሚ ይግባ።

የድንኳን ቦታውም እንዲሁ ነው። ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን የሚተከልበት ባዶ መሬት በብዙ ግቢ አለ። ጠጠር አልብሱት፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩለት፣ ሁለት ቧንቧና አንድ የመብራት ሳጥን ዳሩ ላይ አቁሙለት። በደህና ቀን ለድግስ፣ በክፉ ቀን ለክትባት ወይም ለምርመራ ይሆናል። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ የአባላቱ መዝገብም እድሩ ዘንድ ስላሉ ከእድሩ ዳኛ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። በየብሎኩ ምድር ቤት የራሱ ሽንት ቤት ያለው አንድ ክፍል ከተረፈ ደግሞ አትሽጡት፤ ስምንት ሆነው በስቱዲዮ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሕመምተኛ የሚለዩበት ሌላ ቦታ የላቸውም።

6. የአምቡላንሱ መንገድ

አራት ሜትር ስፋት ይበቃል፤ መኪና ካልቆመበት።

7. ልምምዱን ቀን ቁረጡለት

ኅዳር 12ን እመርጣለሁ። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከመታው የኅዳር በሽታ ጀምሮ በዚያ ቀን ነዋሪው ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ሁሉም ከቤቱ የሚወጣበት ቀን ስለሆነ ማንንም መለመን አያስፈልግም። ጭሱን ተዉትና ድንኳኑን ተክላችሁ ቧንቧውን ክፈቱ፣ የጋራ ሕንጻውን በር ሞክሩ፣ የሮቶውን ክዳን ፈትሹ። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ከሆነ በዚያው ቀን ሁለተኛ አስቀርጹና በእድሩ ጸሐፊ እጅ አኑሩት።