የቤዝ ጊታር አካል እንጨት አመራረጥ፦ ከእንጨቱ ስም ይልቅ ቁራጩን መመርመር

ክራር ወይም በገና የሚሠራ ሰው ስለ እንጨቱ አብዝቶ ቢጨነቅ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የክሩ ንዝረት በበርኩማው በኩል ወደ ተወጠረው ቆዳና ወደ ገበቴው አልፎ አየሩን ካላናወጠ በስተቀር ለጆሮ የሚደርስ ድምፅ የለም። ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ግን በዚህ መንገድ አይሠራም። ከክሮቹ ሥር ያለው ፒካፕ ማግኔትና በማግኔቱ ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲሆን፣ ወደ አምፕሊፋየር የሚልከውም የብረቱን ክር እንቅስቃሴ ነው። እንጨቱ ድምፁን የሚነካው ከክሩ ጉልበት በመውሰድ ነው፦ ክሩ በብሪጁ (ክሮቹ በአካሉ ላይ በሚያርፉበት ድጋፍ) እና በአንገቱ በኩል እንጨቱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር የራሱን ጉልበት ያጣል፤ የትኛው ኖታ ቶሎ እንደሚከስም፣ የትኛውም እንደሚረዝም በከፊል የሚወሰነው በዚህ ነው። ይህ ተጽዕኖ እውነተኛ ቢሆንም፣ ከክሮቹ ዓይነትና ዕድሜ፣ ከፒካፑ ቦታና ከተጫዋቹ ጣት ጋር ሲመዘን ትንሽ ነው የሚል እምነት አለኝ። አሜሪካዊው የመሣሪያ ንድፍ አውጪ ኔድ ስታይንበርገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ራስ አልባ ቤዝ አንድም እንጨት ሳይኖረው፣ በሙጫ ከተያያዘ የካርቦንና የመስታወት ጭረት ተሠርቶ፣ ጥርት ያለና ረጅም ድምፅ መስጠቱ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ስለ እንጨት የሚነገሩ ብዙ አባባሎች ታሪካቸው ሲመረመር ይላላሉ። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 በካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ አካሉ አሽ ከተባለ እንጨት የተሠራ ነበር። በዚያው ዐሥር ዓመት አጋማሽ ኩባንያው ለአብዛኞቹ ቀለሞች አልደር ወደተባለ ሌላ እንጨት ዞረ፤ አሽ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ስላሉት ከመቀባቱ በፊት በመሙያ መደፈን ሲኖርበት፣ አልደር ግን ቀለምን ያለ ብዙ ድካም ይቀበላል። የእንጨቱ መስመር በሚታይባቸው ፈዛዛ ቢጫ ቤዞች ላይ ግን አሽ ቀጠለ። በ1957 ደግሞ ፒካፑ ራሱ ተለወጠና ለሁለት የተከፈለው ዓይነት መጣ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቤዞች ከኋለኞቹ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ሁሉ ለአልደር የሚሰጥ ሰው፣ በመካከል የተለወጠውን ፒካፕ ዘንግቷል ማለት ነው።

እንጨቱ በእርግጥ የሚወስነው ክብደትን፣ ሚዛንንና ጥንካሬን ነው። ደረቅ አልደር በኪዩቢክ ሜትር 450 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ጠንካራው ሜፕል ወደ 700 ይጠጋል፤ ማሆጋኒ በመካከላቸው ይገኛል። በርካሽ ቤዞች ላይ የሚዘወተረው ባስውድ ከአልደርም ይቀልላል። (በእንግሊዝኛ የእንጨቱ ስም መጀመሪያና የመሣሪያው ስም በተመሳሳይ ፊደላት ስለሚጻፉ ብዙዎች ለቤዝ የተፈጠረ እንጨት ይመስላቸዋል፤ እኛ ቤዝና ባስውድ ብለን መለየታችን ከዚህ ስሕተት ያድነናል።) ባስውድ በድምፁ የሚናቅ አይደለም፤ ድክመቱ ለስላሳነቱ ነው፤ በቀላሉ ይሰረጎዳል፣ ቪቴ ተደጋግሞ ሲፈታበትና ሲጠብቅበትም ቀዳዳው ይሰፋል። የአንድ ዛፍ ቁራጮች እንኳ እርስ በርሳቸው ይለያያሉና፣ በማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን የእንጨት ስም አይተው ብቻ ዋጋ አይጨምሩ።

ቤዙን በእጅዎ ሲይዙ መጀመሪያ ይመዝኑት። በሰው ሚዛን ላይ ቤዙን ይዘው ይቁሙ፣ ከዚያም የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። ከ4 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ቤዝ ለረጅም ምሽት ይመቻል፤ ከ4.5 በላይ ከሆነ ትከሻዎ ይነግርዎታል። ቀጥሎ በማንገቻ አንግተው ሁለቱንም እጆችዎን ቀስ ብለው ይልቀቁ። የመሣሪያው ራስ ወደ መሬት ካዘነበለ አካሉ ለአንገቱ ቀሎታል ማለት ነው፤ በዚህ ዓይነት ቤዝ ግራ እጅዎ ኖታ ከመያዝ ጋር አንገት የመደገፍ ሥራም ስለሚጨመርበት ቶሎ ይደክማል። እጅግ ቀላል እንጨት ሁልጊዜ በረከት የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ገመዱን ሳይሰኩ፣ በጸጥታ ቦታ፣ በትክክል ተቃኝቶ ይጫወቱ። በእያንዳንዱ ክር ላይ ከመጀመሪያው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ድረስ በእኩል ጉልበት አንድ አንድ ኖታ እየመቱ እስኪከስም ያዳምጡ። በቀጭኑ ክር ላይ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት ባለው ቦታ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ድንገት የሚሞት ኖታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። የዚህ ዋና ምክንያት ከአካሉ ይልቅ የአንገቱ ንዝረት ነው። በመሣሪያው ራስ ላይ ትንሽ መቆንጠጫ ቢያስሩና ኖታው ቢነሣ ወይም የሞተው ቦታ ወደ ሌላ ፍሬት ቢዛወር ምክንያቱን አረጋገጡ ማለት ነው። መጠነኛ መክሰም በብዙ ጥሩ ቤዞች ላይ ስላለ አይደናገጡ፤ አዘውትረው በሚጫወቱት ኖታ ላይ ከሆነ ግን ሌላ ቤዝ ይፈልጉ።

አምፕሊፋየር ላይ ሁለት ቤዞችን ሲያነጻጽሩ ክሮቻቸው አንድ ዓይነትና እኩል ዕድሜ ያላቸው፣ የፒካፖቹም ከፍታ ተመሳሳይ ካልሆነ የሚሰሙት ልዩነት ስለ እንጨቱ ምንም አያስረዳዎትም። ያገለገለ ቤዝ ከሆነ የብሪጁንና የማንገቻውን ቪቴዎች በእርጋታ አጥብቀው ይሞክሩ፤ መጨረሻ ሳያገኝ የሚዞር ቪቴ ካለ እንጨቱ ተበልቷል። የኋላውን ክዳን ከፍተው ጉድጓዱን ቢመለከቱም፣ ቀለም ካልሸፈነው፣ አካሉ ደንዳና እንጨት ይሁን እንደ ኮምፐርሳቶ ተደራርቦ የተጣበቀ ይታወቃል።

አካሉን በአገር ውስጥ አናጢ ለማስቀረጽ የሚያስብ ሰው ዋንዛን ቢመርጥ አይሳሳትም፤ በቀላሉ ይቀረጻል፣ ክብደቱም ለትከሻ የሚበዛ አይደለም። ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ የመሰንጠቅና የመጣመም ጠባይ ስላለው አልመክረውም። የተለመደው የአካል ውፍረት 4.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ላዩ የደረቀ የሚመስል ጣውላ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ጣውላውን በወፍራሙ ካስሰነጠቁ በኋላ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ያቆዩት፤ በየሳምንቱ እየመዘኑ ክብደቱን ይመዝግቡ። መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ የአንገቱን መግቢያ አያስቆርጡ፤ እርጥብ ሳለ በልክ የተቆረጠ መግቢያ እንጨቱ ሲኮማተር ቅርጹ ይለወጣል፣ አንገቱም በቦታው መርጋቱ ይቀራል።