ከማጎሜ እስከ ጹማጎ፦ የኪሶ ሸለቆን በእግር ለሚጎበኝ መንገደኛ

ኪሶ በማዕከላዊ ጃፓን፣ ደን በለበሱ ተራሮች መካከል የተዘረጋ ጠባብ ሸለቆ ነው። ኤዶን፣ ማለትም የዛሬዋን ቶኪዮ፣ ከኪዮቶ ያገናኝ የነበረው ናካሴንዶ የተባለ የጥንት መንገድ በዚህ ያልፋል። ርዝመቱ 530 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በ69 የመንገደኛ ማደሪያ ከተሞች የተከፋፈለ ነበር። ከእነዚህ 11ዱ በኪሶ ናቸው። ዛሬ በእግር ለመሄድ የሚመረጠው በማጎሜና በጹማጎ መካከል ያለው 8 ኪሎ ሜትር ነው።

መነሻችሁን ማጎሜ አድርጉ። ማጎሜ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በመካከላቸው ያለው የተራራ መተላለፊያ 800 ሜትር ገደማ፣ ጹማጎ ደግሞ ወደ 430 ሜትር። ስለዚህ ከማጎሜ ሲነሱ 200 ሜትር ያህል ወጥተው የቀረው ቁልቁለት ነው። ከጹማጎ የተነሳ ግን ወደ 370 ሜትር አቀበት ይጠብቀዋል። ደኅና ጉልበት ላለው ሁለቱም ይቻላል፤ ልጅ ወይም አዛውንት ይዞ ለሚሄድ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። እረፍትን ጨምሮ 3 ሰዓት ያዙለት።

ከናጎያ ሺናኖ በተባለው ፈጣን ባቡር ናካጹጋዋ ለመድረስ 50 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከጣቢያው ፊት ለፊት የሚነሳው አውቶቡስ በግማሽ ሰዓት ገደማ ማጎሜ ያደርሳል። የባቡር ትኬታችሁን እስከ መጨረሻው መድረሻ ድረስ በወረቀት ግዙ፤ ከቶኪዮ የያዛችሁት የክፍያ ካርድ በገጠር ጣቢያ ላይሠራ ይችላል። ለአውቶቡሱም ሳንቲምና ባለ 1,000 የን ኖት ያዙ፤ ትልልቅ ኖቶችን በአውቶቡስ ውስጥ መዘርዘር አይቻልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። የጃፓን የጉዞ ሰሌዳ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በ24 ሰዓት ስለሚቆጥር 13፡00 ማለት በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣ አንዱ ካመለጠ ረጅም ጊዜ ሊያስጠብቅ ይችላል።

ሻንጣ ተሸክማችሁ አትሂዱ። በማጎሜና በጹማጎ ያሉት የቱሪስት መረጃ ቢሮዎች ከማርች መጨረሻ እስከ ኖቬምበር ሻንጣ ያሻግራሉ። እስከ ረፋዱ 5፡30 (11፡30) የሰጣችሁትን ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ በሌላኛው ቢሮ ትረከባላችሁ። ከሰዓቱ ያለፈ ሻንጣ የዕለቱን ጉዞ አይደርስበትም። ዋጋውንና የሚሠሩበትን ቀን ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ማጎሜ ራሱ ዳገት ላይ የተሠራ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት አንድ ረጅም ጎዳና ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 እና በ1915 ቃጠሎ ስላወደመው አብዛኛው ቤት ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ዳገቱ ጫፍ ካለው የእይታ ሥፍራ የኤና ተራራ ከፊት ለፊት ይታያል፤ በደመናማ ቀን ግን ምንም ላታዩ ትችላላችሁ።

ከዚያ ወደ መተላለፊያው የሚወስደው መንገድ አንዳንዴ ጥንታዊ የድንጋይ ንጣፍ፣ አንዳንዴ የጫካ አፈር ነው፤ የመኪናውንም መንገድ ደጋግሞ ያቋርጣል። ንጣፉ ካፊያ ከነካው በጣም ያንሸራትታል፤ በተለይ ቁልቁለቱ ላይ ሶሉ ለስላሳ በሆነ ጫማ የሚሄድ ይወድቃል። በየመንገዱ የተሰቀሉ ትልልቅ ደወሎች ታያላችሁ። ጌጥ አይደሉም፤ በጫካው ጥቁር ድብ ስላለ ሰው መምጣቱን አስቀድሞ እንዲሰማ ነው። ሳታፍሩ ደውሉ። መተላለፊያውን ካለፋችሁ በኋላ ለእግረኛ ሻይ የሚቀርብበት አሮጌ የእንጨት ቤት አለ። ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ ኦዳኪና ሜዳኪ፣ ወንዴና ሴቴ የሚባሉት ሁለት ፏፏቴዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ማለት ይጠይቃል፤ ግቡ።

ጹማጎ ሊታደርበት የሚገባ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወጣቱ ወደ ከተማ እየሄደ መንደሩ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ነዋሪዎቹ ቤታቸውን ላለመሸጥ፣ ላለማከራየትና ላለማፍረስ በ1971 ቃል ተጋቡ፤ በ1976 መንደሩ በአገር ደረጃ ጥበቃ አገኘ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከዋናው ጎዳና አይታይም፤ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት መኪና አይገባም። ኦኩያ የሚባለውን ትልቅ ቤት አትለፉት። እ.ኤ.አ. በ1877 ሂኖኪ ከተባለው የጃፓን ጥድ እንጨት የተሠራ ነው። በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) ይህን ዛፍ የቆረጠ አንገቱ ይቆረጥ ስለነበር ተራ ሰው በሂኖኪ ቤት መሥራት የቻለው ያ ሥርዓት ከወደቀ በኋላ ነው። በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ብርሃኗ በእንጨት ፍርግርጉ በኩል ገብቶ በምድጃው ጢስ ላይ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ብቻ ብላችሁ በብርድ ብትመጡ አያስቆጭም።

የቀን ጎብኚዎች ወደ አመሻሹ ላይ ሲመለሱ ጎዳናው ጭር ይላል። ማደሪያዎቹ ጥቂት ክፍል ያላቸው የቤተሰብ ቤቶች ስለሆኑ ቀደም ብላችሁ ያዙ። እራት ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀርባል፤ ዘግይቶ የመጣን የሚያስተናግድ ሌላ ምግብ ቤት በመንደሩ ማግኘት ከባድ ነው። የጋራ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የሚገባው ሰውነትን በሳሙና ታጥቦ፣ አለቅልቆ ነው። ጿሚ ከሆናችሁ ክፍል ስትይዙ ንገሩ፤ ሥጋ በሌለበት ሾርባና ሶባ በሚባለው የፓስታ ዓይነት መረቅ ውስጥ እንኳ የደረቀ ዓሣ ይገባል። በመንገድ ላይ ግን ጎሄሞቺ አለላችሁ፦ የተደቆሰ ሩዝ በእንጨት ተሰክቶ፣ በዋልነት፣ በሰሊጥና በሚሶ (ከተብላላ አኩሪ አተር በሚሠራ) ድልህ ተቀብቶ በፍም የሚጠበስ ነው።

በማግስቱ ከጹማጎ ናጊሶ ባቡር ጣቢያ ድረስ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር፣ ወይም 10 ደቂቃ በአውቶቡስ ነው። ናጊሶ ላይ እ.ኤ.አ. በ1922 የተሠራው፣ 247 ሜትር የሚረዝመው የሞሞሱኬ ተንጠልጣይ የእንጨት ድልድይ አለ። ጊዜ ካላችሁ በባቡር ወደ ሰሜን፣ ወደ ናራይ ቀጥሉ፤ 1 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የማደሪያ ከተማ ነው። ፈጣኑ ባቡር ናራይ ላይ ስለማይቆም በኪሶ ፉኩሺማ ወርዳችሁ ወደ ተራው ባቡር ትቀይራላችሁ። የኒውክሌር አደጋ የደረሰበት ፉኩሺማ ሌላ፣ ከዚህ በጣም የራቀ ነውና ትኬት ስትገዙ ስሙን ሙሉውን ጻፉ። በተራ ባቡሮች መካከል እስከ 2 ሰዓት ክፍተት ሊኖር ስለሚችል መመለሻውን ሳታዩ ከጣቢያው አትውጡ።