ጫካ ውስጥ ተክል ፎቶ ስታነሱ ካሜራችሁን የሚጨርሰው ዝናቡ አይደለም

ሞቃትና እርጥብ ጫካ ገብቶ የዱር አበባና ቅጠል ማንሳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ለዝናብ ነው፣ እኔም እንደዛ ነበርኩ። ዝናብ ግን ሲመጣ ታዩታላችሁ፣ ካሜራውን ትሸፍናላችሁ፣ ያልፋል። ዕቃ የሚበላው የማይታየው እርጥበት ነው። እዛ ውስጥ የአየሩ እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ80 ፐርሰንት በላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እሱን ሲጠጣ የዋለ ሌንስ ሳይደርቅ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶበት ከከረመ ሻጋታ ያበቅላል። አንድ በጣም የምወደው ማክሮ (ትንንሽ ነገር በቅርበት የሚያነሳ) ሌንስ ነበረኝ፣ ዝናብ ጠብ ብሎበት አያውቅም፣ ከጉዞ መልስ ከነቦርሳው ቁም ሳጥን ውስጥ ከትቼው ከወራት በኋላ ሳወጣው መስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አድርቶበታል። ሻጋታው አሲድ ስለሚያወጣ የመስታወቱን ኮቲንግ (ስስ ሽፋኑን) ይበላዋል፣ ስለዚህ ቢጸዳም ጠባሳው ሊቀር ይችላል።

እና ከሁሉም በላይ የማታውን ሥራ አትዝለሉ። ቦርሳው ውስጥ ያለው ስፖንጅ ውሃ ስለሚይዝ ካሜራው እዛ ውስጥ አይደር፣ ላቡንና ጭቃውን በጨርቅ ጠርጉና ክዳኑ ላይ ጎማ ያለው አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር ክተቱት፣ ትንሽዬ የእርጥበት መለኪያም አብራችሁ ጣሉበትና ከ40 እስከ 50 ፐርሰንት ድረስ መውረዱን እዩ። ቀለም የሚቀይረውን ሲሊካ ጄል ምረጡ፣ ብርቱካናማው አረንጓዴ ከሆነ ጠግቧል ማለት ነው፣ ኦቨን ውስጥ ከ120 ዲግሪ ሳታሳልፉ ቀለሙ እስኪመለስ አድርቃችሁት ደጋግማችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ኤሲ ያለው ክፍል ካደራችሁ ደግሞ ጠዋት ካሜራውን አንጠልጥላችሁ በቀጥታ አትውጡ። ቀዝቃዛ ሌንስ ሞቃት አየር ሲያገኘው ጤዛ ይለብሳል፣ ውስጡም ጭምር። ከመውጣታችሁ በፊት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በደንብ ዝጉት፣ ውጪ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከአየሩ ጋር ሲስተካከል ክፈቱት።

የትንኝ መከላከያ ነገርም አለ። ዲት የሚባለው ትንኝ አባራሪ ኬሚካል ያለበት ቅባት ፕላስቲክና ጎማ ያሟሟል፣ እጃችሁን ሳትጠርጉ ካሜራ ከያዛችሁ መያዣው ይለሰልስና መጣበቅ ይጀምራል፣ በዲት ፋንታ ፒካሪዲን የሚባለው ያለበት ይሻላል። ካሜራው ላይ ያለው ዌዘር ሲልድ (ከዝናብና ከአቧራ የተከለለ) የሚለው ጽሑፍም አያዘናጋችሁ፣ ውሃ ውስጥ ቢነከር ምንም አይሆንም ማለት አይደለም፣ ውሃ የሚከለክሉት ጎማዎቹም ያረጃሉ።

ወደ ፎቶው ስንመጣ ትልቁ ችግር ብርሃን ነው። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ከዛፎቹ አናት በላይ ካለው ብርሃን መሬት የሚደርሰው 2 ፐርሰንት አካባቢ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ግድ ነው፣ እጃችሁ እንዳያንቀጠቅጠው ሸተሩን በ2 ሰከንድ ታይመር ልቀቁት፣ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ላይ አድርጋችሁ ንፋሱ ዝም እስኪል ጠብቁ። የሚያስቸኩል ነገር የለም፣ ተክል አይበርም። ደመና ያለበት ቀን ምርጥ ነው፣ ፀሐይ ሲወጣ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ እየሠራ ያበላሸዋል። እርጥብ ቅጠል ሲያብረቀርቅ አረንጓዴው ይጠፋል፣ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ፖላራይዘር ፊልተር ሌንሱ ላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ ቀለሙ ሲመለስ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ብርሃን ግን ይቀንስባችኋል።

አበባውን ብቻ አንስቶ መሄድ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በኋላ ስሙን ማወቅ ያቅታል። ሙሉ ተክሉን፣ የቅጠሉን ጀርባ፣ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሁን እየተፈራረቁ የወጡት፣ አበባውን ከፊትም ከጎንም፣ መሬት ላይ ይሁን ሌላ ዛፍ ላይ የበቀለው፣ ሁሉንም አንሱ።

እግራችሁን የምታሳርፉበትንም እዩ። የደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች በሆኑት ሱማትራና ቦርኒዮ ላይ የሚገኘው ራፍሊዥያ የሚባል ተክል አበባው እስከ 1 ሜትር ይሰፋል፣ ለመፈንዳት ወራት ይፈጅበታል፣ ከፈነዳ በኋላ የሚቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ነው፣ እንቡጡ ደግሞ መሬት ላይ ስለሆነ ለተሻለ አንግል ብሎ አንድ እርምጃ ወደኋላ ያለ ሰው ሊረግጠው ይችላል። ብርቅ የሆነ ኦርኪድ ካገኛችሁ ፎቶውን ከመልቀቃችሁ በፊት የጂፒኤስ ሎኬሽኑን አጥፉት፣ ነቅለው የሚሸጡ ሰዎች ፎቶ እያዩ ነው ቦታውን የሚያገኙት።