ዌብ መተግበሪያችሁ ሲንቀራፈፍ ማነቆውን እንዴት ታገኙታላችሁ?

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሲስተም ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኔትወርክ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእኛ የሠሪዎቹ ነው። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ሱቅ ላላቸው ነጋዴዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም እሠራለሁ። ደንበኛ «ይሄ አለ?» ሲል ነጋዴው ስልኩን ይከፍታል። ገጹ ይዞራል፣ ይዞራል። ደንበኛው «አቦ ተወው» ብሎ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ያልፋል።

መጀመሪያ ለኩ። ሳትለኩ ኮድ አትንኩ፤ በዶላር የሚከፈል ትልቅ ሰርቨርም አትከራዩ። ክሮም ላይ ኤፍ 12 ተጫኑ፣ «ኔትወርክ» የሚለውን ትር ክፈቱና ገጹን እንደገና ጫኑት። የመጀመሪያውን መስመር ነክታችሁ ሰርቨሩ መመለስ እስኪጀምር ስንት ጊዜ እንደወሰደ እዩ። ከዚያ እዚያው ሰርቨር ላይ ያለ አንድ ትንሽ ፋይል፣ ለምሳሌ ሎጎውን፣ ለብቻው ክፈቱ። ሎጎው ቶሎ ከመጣ፣ ገጹ ግን ከዘገየ ኔትወርኩ ነፃ ነው። ችግሩ ኮዱ ወይም መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ጋ ነው።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ማነቆ እዚህ ላይ ይመጣል። የዕቃ ዝርዝሩ 300 ዕቃ ያሳያል እንበል። ኮዱ በአንድ ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ በሚቀርብ አንድ ጥያቄ፣ ዕቃዎቹን ያመጣል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዕቃ የአቅራቢውን ስም ፍለጋ ተመልሶ ዳታቤዝ ይሄዳል። ቀፊራ ገበያ ወርዶ ቲማቲም ገዝቶ ቤት መግባት፣ ለሽንኩርት እንደገና መውረድ፣ ለቃሪያ ደግሞ እንደገና ማለት ነው። 301 ኩዌሪ ሆነ። እያንዳንዱ 5 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢወስድ እንኳ አንድ ሰከንድ ተኩል አለቀ።

ክፋቱ፣ እያንዳንዱ ኩዌሪ ለብቻው ሲታይ ፈጣን ነው። የዘገዩ ኩዌሪዎችን ብቻ የሚመዘግበው ሎግ አይዘውም። እናንተ ላፕቶፕ ላይ ያለው 20 ዕቃ ስለሆነ እዚያም አይታይም። ስለዚህ ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ብዛቱን ቁጠሩ። የሠራችሁበት ፍሬምወርክ (የኮድ ማዕቀፍ) ጃንጎ ከሆነ «ዲበግ ቱልባር»፣ ላራቬል ከሆነ «ዲበግባር» የሚባሉት መሣሪያዎች በየገጹ ስንት ኩዌሪ እንደወጣ ያሳያሉ። ገጹን በ10 ዕቃ ክፈቱት፣ ቀጥሎ በ100። የኩዌሪው ቁጥር ከዕቃው ጋር አብሮ ካደገ አገኛችሁት።

መድኃኒቱ አጭር ነው፦ የአቅራቢዎቹን ስም አንድ በአንድ ሳይሆን በአንዴ አምጡ። ጃንጎ ላይ ዕቃው አንድ አቅራቢ ብቻ ካለው «ሰሌክት ሪሌትድ»፣ ብዙ ካሉት «ፕሪፌች ሪሌትድ» የሚለውን ትእዛዝ ጨምሩ። ላራቬል ላይ «ዊዝ»። 301ዱ ኩዌሪ ወደ አንድ ወይም ወደ ሁለት ይወርዳል። እኔ በግሌ ከዚህ የበለጠ ትርፍ በአንድ መስመር ኮድ ሲገኝ አላየሁም።

ኩዌሪው ጥቂት ሆኖም ከዘገየ፣ ዳታቤዛችሁ ፖስትግሬስ ከሆነ ኩዌሪው ፊት «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ጨምራችሁ አሂዱት። ብዙ ረድፍ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ጥቂት ረድፍ ለማውጣት «ሴክ ስካን» ካለ ሙሉውን እያነበበ ነው፤ የምትፈልጉበት ዓምድ ላይ ኢንዴክስ፣ ማለትም እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ ጠቋሚ፣ ሥሩ። በየዓምዱ ላይ ግን አትደርድሩ። ዕቃ በተመዘገበ ቁጥር ኢንዴክሱም አብሮ ስለሚጻፍ መመዝገቡ ይዘገያል።

ከፊት ለፊት፣ ማለትም ተጠቃሚው በሚያየው በኩል፣ ምስሉን አሳንሳችሁ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የምስል ፎርማት ቀይሩ፣ የማትጠቀሙበትን ጃቫስክሪፕት (ስልኩ ራሱ የሚያሂደውን ኮድ) አውጡ። ይህን የምለው ለዳታ ብቻ ብዬ አይደለም። ስልክ ሲግል ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በድሬ ቀትር፣ ቆርቆሮ ስር፣ ርካሽ አንድሮይድ ላይ ከባድ ጃቫስክሪፕት ምን እንደሚሆን ቢሮ ተቀምጣችሁ አታዩትም። ሱቁ ሄዳችሁ ሞክሩት።

ካሽ፣ ማለትም አንዴ የመጣን ውጤት አስቀምጦ ደጋግሞ መስጠት፣ የመጨረሻ ይሁን። ብዙዎች ከሱ ይጀምራሉ፤ እኔ አልስማማም፣ ምክንያቱም ማነቆውን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም። የዕቃ ብዛትን ካሽ ማድረግ ደግሞ አደገኛ ነው። ገጹ «3 አለ» ይላል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ነጋዴው ቀብድ ተቀብሏል። የምድብ ስሞችን ካሽ አድርጉ፤ ብዛትንና ዋጋን ተዉ።

አንድ ነገር ብቻ ለውጡና እንደገና ለኩ፤ ሁለት ነገር አንዴ ከነካችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። የዘገዩ ኩዌሪዎች ሎግ ሁሌም ክፍት ይሁን። ዳታቤዛችሁ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ሎጉን ራሳችሁ ክፈቱት፣ ኩዌሪ «ዘገየ» የሚባልበትን ገደብም ቀንሱ፤ ሲመጣ 10 ሰከንድ ተደርጎ ነው፣ ወደ 1 ሰከንድ አውርዱት።