አዳሩ ረከሰ፣ ውሎው ጨረሰን፦ ቤተሰብ ይዞ ባሕር ዳርቻ የሚሄድ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሰው ጉዞ ማቀድ እንጀራዬ ነው። ፊቴ ቁጭ ያለ አባወራ ወይም እማወራ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «አዳሩ ስንት ነው?» «ውሎውስ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ተኝቶ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ግን የለም። ኪስ የሚራቆተው ከቁርስ በኋላ ነው፤ ልጅ ሲርበው፣ ሲጠማው፣ ሲደክመው፣ ሌላ ልጅ የያዘውን አይስክሬም ሲያይ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህችው የሚወለዱ ናቸው።

ከባሕሩ የራቀ ርካሽ ክፍል

እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ቢል ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ያየሁት አንዴ ሁለቴ አይደለም። ማስታወቂያው «ከባሕሩ 700 ሜትር» ይላል። አባት በሆዱ ያሰላል፤ 700 ሜትር ምን አላት፣ አሥር ደቂቃ ናት፣ እያወራን እንደርሳለን። መጀመሪያ ነገር፣ ያ 700 ሜትር ብዙ ጊዜ ካርታ ላይ በማስመሪያ የተለካ ነው። እግር በማስመሪያ አይሄድም። መሀል ላይ አውራ ጎዳና አለ፣ የባቡር ሐዲድ አለ፣ ዞረው የሚያልፉት የሌላ ሆቴል አጥር አለ። ሁለተኛ፣ አሥር ደቂቃው የጎልማሳ አሥር ደቂቃ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ድንጋይ ያነሣል፣ ድመት ያያል፣ ጫማው ይወልቃል።

ዋናው ግን መንገዱ መመለስም ያለበት መሆኑ ነው። ጠዋት ቁልቁለት ነው፣ ሁሉም እየዘፈነ ይወርዳል። ቀን 7 ሰዓት ላይ ያው መንገድ ዳገት ሆኖ ይጠብቃል። ትንሹ እንቅልፉ መጥቶ እዘሉኝ ይላል፣ ትልቋ ጫማዋ ውስጥ አሸዋ ገብቶ ትነጫነጫለች፣ እናት ቦርሳውን፣ አባት ጃንጥላውንና ውሃ የጠጣውን ፎጣ ሁሉ ተሸክመዋል። ታክሲ ይጠራል። በማግስቱም ይጠራል። በሦስተኛው ቀን «ምን ያመላልሰናል፣ እዚሁ እንብላ» ይባልና ውሃው ዳር ካለው፣ ከሠፈሩ ሁሉ ከሚወደደው ምግብ ቤት ይገባል።

አንድ ደንበኛዬ አምስት ሆነው ሄደው ሲመለሱ ደረሰኞቹን በላስቲክ አስሮ አመጣልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው፦ ታክሲ፣ ምሳ፣ ውሃ፣ ታክሲ፣ ምሳ፣ ታክሲ። ስንደምረው፣ ውድ ነው ብሎ በተወው የባሕሩ ደጃፍ ክፍልና በያዘው ክፍል መካከል የነበረው ልዩነት በአራተኛው ቀን ተበልቶ አልቋል። «ወንድሜ፣ ምነው ሳትነግረኝ?» አለኝ። ሁለት ጊዜ ነግሬው ነበር። ዝም አልኩ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና አንድ ሙሉ ቀን ጻፉበት፣ ከመነሣት እስከ መተኛት። ማን መቼ ይርበዋል? የት ይበላል? ትንሹ ቀን የት ይተኛል? ስንት ጊዜ ትመላለሳላችሁ፣ በምን? ለእያንዳንዱ ዋጋ ስጡት፣ በቀኖቹ ብዛት አባዙት፣ ከዚያ የአዳሩን ደምሩበት። ሁለት ሆቴሎችን የምታወዳድሩት በዚህ ድምር ይሁን። መንገዱንም ስልካችሁ ካርታ ላይ ከሆቴሉ በር እስከ ውሃው በእግር ምን ያህል እንደሆነ እዩት፤ ሰዎች የለጠፏቸውን ፎቶዎች ተመልከቱ፣ መወጣጫ ደረጃው ራሱ ይታያችኋል።

«የባሕር እይታ» ብሎ መጨመር

ቀኑን ሙሉ ባሕሩን ስታዩ ውላችሁ፣ ማታ መጋረጃ ዘግታችሁ ለምትተኙበት ክፍል? «የጎን ባሕር እይታ» የሚሉት ደግሞ በረንዳው ጥግ ሄዶ አንገት ማስገግ ነው። ለጫጉላ ሽርሽር ከሆነ አልከራከርም።

የወቅቱን ጫፍ መሳሳት

ይህችን የሠራኋት እኔው ነኝ፣ ባለሙያ ነኝ ባዩ። የትምህርት ቤት ዕረፍት ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ዋጋ እንደሚረክስ ማንም ያውቃል። እኔ «ከመጀመሩ በፊት»ን መረጥኩ፣ የሜይ መጀመሪያን። ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ክፍሉ በግማሽ ዋጋ ነው፣ አሸዋው የእኛ ብቻ ነው። የአምስት ዓመቷ ልጄ እየሮጠች እስከ ጉልበቷ ገባች፣ እየሮጠች ወጣች። ከንፈሯ ጠቁሮ «አባዬ፣ ባሕሩ ይናከሳል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ፎጣ ተከናንበን አሸዋ ላይ ተቀመጥን። ሲሰለቸን ሙቅ ገንዳ ያለው ጎረቤት ሆቴል በየቀኑ እየከፈልን መግባት ጀመርን። ያተረፍኩት ሁሉ እዚያ ገንዳ ውስጥ ሰጠመ።

ውሃ ከአየር ዘግይቶ ይሞቃል፣ ዘግይቶም ይቀዘቅዛል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ አብዛኛው ባሕር በደንብ የሚሞቀው በኦገስትና በሴፕቴምበር ነው። ልጆቻችሁ ገና ለትምህርት ካልደረሱና ወቅቱን መምረጥ ከቻላችሁ፣ ከግርግሩ በፊት ከምትሄዱ ከግርግሩ በኋላ ሂዱ። ዋጋው ያው ርካሽ ነው፣ ውሃው ግን ሌላ ነው። የሐሩር አካባቢዎች ላይ ደግሞ ይህ ስሌት አይሠራም። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይዘልቃል፣ የሚበረታውም ሴፕቴምበር አካባቢ ነው። በዚያ ወር የካሪቢያን ሆቴሎች ዋጋ የሚወርደው ባለቤቶቹ ደግ ሆነው አይደለም።

የልጅን ዕድሜ በግምት መሙላት

አብዛኞቹ አየር መንገዶች ሁለት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ጭን ላይ ያስቀምጡታል፤ ሁለት ሲሞላው ወንበር ይገዛል። የሚታየው ትኬት በቆረጣችሁበት ቀን ያለው ዕድሜ ሳይሆን በበረራው ቀን ያለው ነው። አንዲት እናት የልጇን ሁለተኛ ልደት ባሕሩ ዳር አከበረች። ሻማ ጠፋ፣ ኬክ ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሡ። ሲመለሱ አየር ማረፊያው ላይ የልጁን የወንበር ትኬት ተጠየቀች፣ በዕለቱ ዋጋ። እስካሁን ኬኩን ስታስታውስ አትስቅም።

ሆቴል ደግሞ ሁሉም የየራሱ መስመር አለው፤ አንዱ እስከ 6 ዓመት በነፃ ይላል፣ ሌላው እስከ 12። የልጆቹን የልደት ቀን ጽፋችሁ ላኩና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። «ሁለት ሰው» ብለው አስይዘው ከሦስት ልጅ ጋር በር ላይ ብቅ የሚሉትን ምን ልበላቸው? እንግዳ መቀበያው ላይ ሻንጣ ይዞ፣ ልጅ እያለቀሰበት የሚደራደር ሰው ሲያሸንፍ አላየሁም።

ስለ ምግቡ ግማሹን ብቻ መስማት

«ሃፍ ቦርድ» ማለት ቁርስና እራት ነው። ምሳ ከኪስ ነው፣ ምሳ ደግሞ የምትበሉት ከሁሉም በሚወደደው ቦታ ነው። ብዙ ቦታ ከእራቱ ጋር መጠጥ አይታሰብም፤ ውሃም ጭምር። «ኦል ኢንክሉሲቭ»፣ ማለትም ምግቡም መጠጡም ከአዳሩ ጋር አብሮ የሚከፈልበት፣ ከግቢው ለማይወጣ ቤተሰብ በጣም ጥሩ ነው፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ የሚያኝኩ ጎረምሶች ላሉት። ከሰባቱ ቀን ሦስቱን ከተማ ለማየት ያቀደ ሰው ግን ላልተቀመጠበት ገበታ እየከፈለ ነው።

እኔ የምወደው ማድቤት ያለውን ክፍል ነው። ነገር ግን «ማድቤት አለው» ሲሏችሁ ምድጃው ስንት ዓይን እንዳለው፣ ድስትና ቢላ መኖሩን ጠይቁ። አንድ ጊዜ ሦስት ብርጭቆና አንድ ሹካ ያለበት ማድቤት ገጥሞኛል። ማድቤት ባይኖር እንኳ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ፈልጉ። በረዶ መሥሪያ ካለው ማታ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ፣ እስከ አፉ ሳትሞሉ፣ አስገቡ። ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ከፍራፍሬው ጋር ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፣ እስከ ቀትር ምግቡን ያቀዘቅዝላችኋል፣ ሲሟሟ ደግሞ ትጠጡታላችሁ። የዚህች ነገር ቁጠባ ከብዙ የዋጋ ቅናሽ ይበልጣል።

ሌሊት የሚደርስ ርካሽ በረራ

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አውቶቡስ የለም፣ ታክሲ አለ። ያልተኛችሁበትን አዳር ትከፍላላችሁ፣ በማግስቱ ልጆቹ እስከ ምሳ ይተኛሉ፤ አንድ ቀን ሄደ ማለት ነው።

ዋጋው ውስጥ የሌለውን አለመጠየቅ

የቱሪስት ግብር በነፍስ ወከፍ በየአዳሩ የሚጠየቅበት አገር አለ። «የሪዞርት ክፍያ» ለብቻው የሚጨመርበት አለ። የባሕር ዳርቻ አልጋና ጃንጥላ በቀን የሚከራይበት አለ። ተመላሽ የማይሆነውን ዋጋ ደግሞ ትንሽ ረከሰ ብላችሁ አትያዙ፣ ልጅ ያለው ሰው ነገ ማን እንደሚያተኩሰው አያውቅም። በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ በየትኛው ገንዘብ ይሁን ካላችሁ፣ በአገሬው ገንዘብ በሉ። የራሳችሁን ስትመርጡ የምንዛሬው ጭማሪ ከእናንተ ነው የሚወጣው።

የመጀመሪያውን ቀን ፀሐይ መናቅ

የመጀመሪያው ቀን ቃጠሎ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን ክፍል ውስጥ ያስቀምጣችኋል። ሰዎች ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ትልቁን ቁጥር ገዝተው እንደ ሽቶ ይነካኩታል። 30 ቁጥር ያለው ሰንስክሪን በትክክል ከተቀባ የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ያህል ያስቀራል፣ 50 ቁጥሩ 98 በመቶ ያህል። ልዩነቱ ያን ያህል ነው። ዋናው መጠኑ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ሙሉ ሰውነቱን ለመቀባት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል፣ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ይደገማል። እንግዲህ አስሉት፤ 100 ሚሊ ሊትሩ ሦስት ቅብ ናት። የእጅ ሻንጣ ብቻ ይዞ የሚበር ሰው በብዙ አየር ማረፊያ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በያዘ ዕቃ ፈሳሽ ማሳለፍ አይችልም፣ ስለዚህ ሪዞርቱ ሱቅ ገብቶ የተባለውን ይከፍላል። ለልጆች እጅጌ ረጅም የዋና ልብስ ግዙላቸው፤ የሚቀባው ፊትና እግር ብቻ ይቀራል። ከረፋዱ 4 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ደግሞ በጥላና በእንቅልፍ አሳልፉት። ይኸው ተመልሰን መጣን፣ ክፍሉ ቅርብ ያልሆነ ሰው ይህን አይችልም።

ጠባቂ የሌለበትን ባሕር «ነፃ ነው» ብሎ መምረጥ

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። የሕይወት አድን ሠራተኛ ያለበትን ባሕር ዳርቻ ምረጡ፣ በብዙ አገር የሚጠበቀው ክልል ቀይና ቢጫ በሆኑ ሁለት ባንዲራዎች መካከል ያለው ነው። ቀይ ባንዲራ ካያችሁ አትገቡም። የሚነፋ ፍራሽና ጎማ ለገንዳ ይሁን፤ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ልጁን ከነጎማው ይዞት ይሄዳል። ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ቢይዛችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት። ተንሳፈፉ፣ እርዳታ ጥሩ፣ ከቻላችሁ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ውጡ።

የመጨረሻውን ቀን መርሳት

ክፍል የምትለቁት ጠዋት ነው፣ በረራው ማታ ነው። በመካከሉ ያለውን ሰዓት ማንም አያቅደውም፤ ጨው የደረቀበት ልጅ፣ እርጥብ የዋና ልብስ፣ አምስት ሻንጣ፣ ካፌ ውስጥ ለመቀመጫ ተብሎ የሚታዘዝ መጠጥ። ስታስይዙ የሻንጣ ማስቀመጫና ከለቀቁ በኋላ የሚጠቀሙበት ሻወር መኖሩን ጠይቁ፣ ብዙዎቹ በነፃ ይሰጣሉ። አንድ ፎጣ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቅያሪና ለእርጥቡ ልብስ አንድ ፌስታል ከሻንጣው ውጭ አስቀሩ።